የሃያ አራት በግ ውርስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለሒሳብ ውድድር ዋና ዳኛ አድርገው ይጠሩኛል። ለምን እኔን እንደሚመርጡ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር። የሚያወዳድሩት የራስዎ ተማሪ ስለሌለ አያዳሉም አሉኝ። ይህ በጥሪ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ምክንያት ነው። እውነተኛው ምክንያት ግራ ጆሮዬ አለመስማቱ ይመስለኛል። አቤቱታ የሚያበዙ መምህራንን ሁልጊዜ በግራዬ አስቀምጣለሁ። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ ራሴን በአክብሮት እነቀንቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ "ታጋሽ ዳኛ" ተብዬ እመሰገናለሁ። በሕይወቴ ካገኘኋቸው ጥቂት ማዕረጎች አንዱን ያገኘሁት በመደንቆሬ ነው።

ውድድሩ የሐይቅ ከተማና የአምባሰል ወረዳ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚገናኙበት ነው። አንድ ዓመት እኛ ሐይቅ ላይ እንደግሳለን፣ በሚቀጥለው እነሱ ውጫሌ ላይ። ጠዋት የጽሑፍ ፈተና አለ። ተማሪው ስሙን ወረቀቱ ጥግ ላይ ይጽፋል፣ ጥጉ ይታጠፍና በስቴፕለር ይመታል፤ አራሚው የማንን ወረቀት እንደያዘ እንዳያውቅ ነው። እያንዳንዱን ወረቀት አንድ የሐይቅ መምህርና አንድ የአምባሰል መምህር ለየብቻ ያርሙታል። ለመልሱ ነጥብ አለው፣ መልሱ ለተገኘበት አሠራርም ነጥብ አለው። የሁለቱ አራሚዎች ነጥብ ከተለያየ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። በጽሑፉ የተሻሉት ከሰዓት በኋላ መድረክ ይወጣሉ። እዚያ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ የተጣጠፉት ጥያቄዎች ሙዳይ ውስጥ ይደረጉና በየተራ ዕጣ እያወጡ ይመልሳሉ፤ የሚታየውም መልሱ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች እኩል ከሆኑ ለሁለቱም አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይሰጣል። ያም ካልለያቸው የጠዋቱ ወረቀት ይፈርዳል። አንደኛ የወጣው ብቻ ደሴ ሄዶ ከሌሎች ወረዳዎች ልጆች ጋር ይወዳደራል።

ይህን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ደንብ የሚያረቅ ሰው፣ ውሻ እንደሚያሳድግ ሰው፣ እኔንማ አይነክሰኝም ብሎ ነው የሚያስበው።

ባለፈው ዓመት ተራው የሐይቅ ነበር። አዳራሹ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ መስኮቶቹ ከሐይቁ በኩል ስለሆኑ ነፋሱ ወረቀት ይበትናል፣ ድንጋይ እየጫንን ነው የምንሠራው። እኛ አገር ያለ ምርቃት የሚጀመር ነገር የለም፤ መጀመሪያ ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቀጥሎ ቄሱ ባረኩ። ሁለቱም የልጅነት ጓደኞቼ ናቸው። ከመረቁ በኋላ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ ፊተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀሩ።

ከእነሱ አጠገብ አንድ የአምባሰል ገበሬ ስልኩን ወደ መድረኩ አንስቶ ይዟል። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሁለተኛው ዳኛ፣ የውጫሌው መምህር፣ ሰውየው የአንዷ ተወዳዳሪ አባት መሆኑን ነገረኝ። በስልኩ ውስጥ ያለችው ታላቅ ልጁ ናት፤ ዓረብ አገር ትሠራለች፣ ያን ቀን ፈቃድ ጠይቃ እህቷን ታያለች። መምህሩ በዚህ አላበቃም። በልጅቷ ቀበሌ ትምህርት ቤቱ የሚያልቀው በስምንተኛ ክፍል ነው። አባትየው ደሴ ካለፈች ሐይቅ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ትማራለች ብሏል፤ ካላለፈች ደግሞ ቤት ትቀመጥና ዕድሜዋ ሲደርስ ወደ እህቷ ትሄዳለች። ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር መስማት የለበትም። ነገር ግን መምህሩ የተቀመጠው በቀኜ ነበር። ደህናው ጆሮዬ ገደል ይግባ።

ሦስተኛዋ ዳኛ የሐይቅ መምህርት ናት፤ የድሮ ተማሪዬ። ዱሮ እኔ እሷን አርም ነበር፣ አሁን እሷ እኔን ታርማለች፤ መነጽሬ ግንባሬ ላይ እያለ ስፈልገው ዝም ብላ ታወርድልኛለች።

ዙሩ እየተገፋ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሁለት ልጆች ቀሩ። አንዱ የሐይቅ ልጅ ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ልጁም እንደ አጥማጅ ልጅ አይቸኩልም። ሁለተኛዋ ያች የአምባሰል ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች፣ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ መልሱ ከአፏ የሚወጣ። እሱ የመጨረሻውን ዕጣ አውጥቶ በትክክል መለሰ፣ በአንድ ጥያቄም ቀደማት። የቀረው የእሷ ዕጣ ነው። ከመለሰች እኩል ይሆናሉ። ከሳተች አለቀ። አባትየው ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

መምህርቷ ዕጣዋን ዘርግታ አነበበች። አንድ ሰው ሃያ አራት በጎች ትቶ ሞተ። አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። በጎቹ ለልጆቹ ሲካፈሉ ለእያንዳንዳቸው ስንት ስንት ይደርሳቸዋል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷ አልቸኮለችም። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "እናታቸው በሕይወት አለች?" አለችኝ።

ሰዓት ለማራዘም ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ተማሪ መጠርጠር እንደ ቁርጥማት ይጣባዋል። "ልጄ፣ ያልተጻፈ የለም" አልኳት፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። "እንደተጻፈው መልሺ።"

"እንግዲያው ወንዱ አሥራ ሁለት፣ ሴቶቹ ስድስት ስድስት።"

የመልሱን ወረቀት አየሁ። ስምንት ስምንት ይላል። አልሆነም አልኩ። ወዲያው የሐይቅ ልጆች ወንበር እየዘለሉ መጥተው ያን ልጅ ትከሻቸው ላይ ጫኑት። የአባትየው እጅ ከነስልኩ ቀስ እያለ ወደ ጉልበቱ ወረደ።

ልጅቷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። በደንቡ ተወዳዳሪው አንድ ጊዜ አቤት የማለት መብት አለው። ይህን አንቀጽ ያስገባሁት ለጌጥ ነበር፤ በኖርኩበት ዘመን አንድም ልጅ ተጠቅሞበት አያውቅም። ልጅቷ የምትናገረው በግራዬ በኩል፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ስለነበር አፏ ሲንቀሳቀስ እያየሁ እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅሁላት። አዳራሹ ሳቀ። መምህርቷ ወደ ቀኜ ዞራ የተባለውን ደገመችልኝ።

"ጋሼ፣ ያልተጻፈ የለም ብለውኛል ነው የምትለው። እኩል ይካፈሉ የሚልም አልተጻፈም።"

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። "እኩል" የምትለዋ ቃል የለችም። ጥያቄዎቹን ቤቴ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ባለቤቴ ውሃ መጣ ብላ ተጣራች። እኛ ሰፈር ውሃ መጣ ከተባለ ዓረፍተ ነገር አይጨረስም፤ ጀሪካን ይዞ መሮጥ ነው። ስመለስ በጎቹ እንደነበሩ ጠበቁኝ፣ "እኩል" ግን ከውሃው ጋር ሄዳለች። ይበልጥ የሚያሳፍረው ሌላው ነው። የእናቴ ወገን እስላም፣ የአባቴ ወገን ክርስቲያን ናቸው። በእናቴ በኩል ወንድ ልጅ የሁለት እህቶቹን ያህል እንደሚወስድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በሁለቱም ወገን ውርስ ሲካፈል ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ብዙ ጊዜም ባዶ እጄን ተነስቻለሁ።

አከፋፈሏ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ ወደ ሸሁ ዞርኩ። መዞር አልነበረብኝም።

"ልክስ ልክ ነው" አሉ ሸሁ። "ግን እስቲ ይህ ያንተ ሟች ዕዳ የለበትም?"

ዕዳ የለበትም አልኩ።

"ሚስትስ?"

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።

"ሚስት ካለችው ሦስቱ በግ የእሷ ነው። የቀረው ሃያ አንድ ነው፤ እሱ ለእነዚህ ልጆች ቢካፈል በግ መሰንጠቅ ሊመጣ ነው። ልጅቷ እኮ ቅድም የጠየቀችህ ይህንኑ ነው። አንተ ዝም በይ አልካት።"

ቄሱ እስከዚያ ድረስ ጢማቸውን እያሹ ሲያዳምጡ ነበር። አሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ደግሞ የገረመኝ፣ የተዝካሩ በግ ከየት ሊመጣ ነው? ሰውየውን ገድለህ፣ አፈር ሳታለብሰው፣ ወደ ማካፈል?"

አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ። ሰው ገድዬ ሚስቱን ያልጠየቅሁ፣ ተዝካሩን ያላወጣሁ፣ በዚያ ላይ ልጆቹን የማጣላ ሆኜ ቆሜያለሁ።

ሦስታችን ዳኞች ራስ ለራስ ገጠምን። የሐይቋ መምህርት የራሷ ከተማ ልጅ እንዲሸነፍ፣ የውጫሌው መምህር የራሱ ወረዳ ልጅ እንድትሸነፍ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። እሱ ነጥቡ አይሰጣት አለ፤ የአገሩ ልጅ ስለሆነች ነገ ተዳላላት ይባላል፣ መልሱ ስምንት ነው የተባለው፣ ስምንት ይሁን። እሷ ተቆጣች።

"ያንተ አገር ልጅ ስለሆነች ሒሳቡ ይቀየራል? ጥያቄው ያላለውን አላልሽም ብለን እንዴት እንፈርድባታለን?"

ነገሩ አንድ ለአንድ ሆኖ እኔ ላይ ወደቀ። እውነቱን ልናገርና፣ አባትየው የተናገረው ነገር በቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አውጥቼ ለመጣል ሞከርኩ። ከዚያ ያ የአጥማጅ ልጅ በእሷ ቦታ ቆሞ ቢሆን ምን እፈርድ ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ያው ነው። ተነሳሁና ጥፋቱ የጥያቄው ነው፣ ጥያቄው የእኔ ነው፣ መልሷ ተቀባይነት አለው፤ ስምንት ስምንት ያለ ቢኖርም ይቀበል ነበር አልኩ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሁሉንም ለእናትየው ያለስ ብሎ ጠየቀ። አልሰማሁም። ለዚህ ነው ደንቆሮ ዳኛ የሚጠቅመው።

እኩል ሆኑ። ትከሻ ላይ የወጣ ልጅ ማውረድ ከባድ ነገር ነው፤ ያወጡት ልጆች ፊት ሁሉ ጠቆረ። እሱ ራሱ ግን ዘሎ ወረደና ልብሱን አስተካክሎ ባዶ ወረቀት እንድንሰጠው ጠየቀ። ያን ጊዜ ወደድኩት።

ተጨማሪው ጥያቄ እዚያው መጻፍ ነበረበት። አሥር ሰዎች እርስ በርስ ቢጨባበጡ ብዬ ስጀምር መምህርቷ ወደ ቀኜ ጠጋ አለች። "ጋሼ፣ ይተዉት። ወንድና ሴት ይጨባበጣሉ ወይ ብላ ትይዝዎታለች።" ሰረዝኩት። በምትኩ ስድስት ትምህርት ቤቶች በእግር ኳስ፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ቢጋጠም፣ በጠቅላላው ስንት ግጥሚያ ይደረጋል ብዬ ጻፍኩ። የውጫሌው መምህር ቀዳዳ ፈለገበት። ሸሁና ቄሱም ስጡን ብለው አዩት። ሸሁ በዚህ ውስጥ የሞተ ሰው የለም ብለው መለሱልኝ።

ሁለቱም ጻፉ፣ ወረቀታቸውን ገልብጠው አስቀመጡ፣ አነሳናቸው። በእሱ ወረቀት ላይ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ በተርታ ተደምረው ከሥራቸው አሥራ አምስት ይላል። በእሷ ወረቀት ላይ አሥራ አምስት ብቻ አለ፤ ሌላው ነጭ ነው። መድረክ ላይ የሚቆጠረው መልስ ነውና አሁንም እኩል ናቸው።

የቀረው የጠዋቱ ወረቀት ነው። የሁለቱን የታጠፈ ጥግ በሁሉም ፊት ፈታን። ከአንድ ቦታ በስተቀር ነጥባቸው እኩል ነበር። በዚያ ቦታ ልጅቷ መልሱን አግኝታለች፣ ከመልሱ በላይ ግን ምንም የለም። የሐይቋ መምህርት ሙሉ ነጥብ ሰጥታለች፤ የውጫሌው መምህር አሠራር የለውም ብሎ አንድ ነጥብ ቀንሷል። ሁለቱ ተደምሮ ሲካፈል ግማሽ ነጥብ ይጎድላል። የማን ወረቀት ላይ እንደቀነሰ ያወቀው ጥጉ ሲፈታ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳም። አብሽር አልኩት፤ ያረምከው ወረቀት ነው፣ ሰው አይደለም። እኔም ብሆን እቀንስ ነበር።

ስለዚህ የአጥማጁ ልጅ ደሴ ሊሄድ ሆነ። ይህን ያወጅሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ለልጁ አጨበጨበችለት።

አባትየው ግቢው ውስጥ፣ ባጃጆቹ በሚቆሙበት በር አጠገብ ያዘኝ። ልጅቷ ከኋላው ናት፤ ስልኩ አሁንም በእጁ ነው፣ አልተዘጋም። ሰላምታውን አሳምሮ፣ ጤናዬን፣ ቤቴን፣ ከብት ባይኖረኝም ከብቶቼን ጠይቆ ሲያበቃ ወደ ነገሩ ገባ።

"መምህር፣ አንቱን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያቺ ግማሽ የት ሄደች?"

ነገርኩት። መልሱ ልክ ነው ወይ አለኝ። ልክ ነው አልኩት። ታዲያ ምን ጎደለ አለኝ። እንዴት እንዳገኘችው አልጻፈችም አልኩት። ሊከራከረኝ አፉን ሲከፍት ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ቀደመችው።

"ያልተጻፈ የለም፣ አባዬ። ቅድም እኔው ነኝ ያልኩት።"

ከስልኩ ውስጥ የታላቅየዋ ድምፅ መጣ፤ ስንቴ ነገርኩሽ፣ እኔንም ሰባተኛ ክፍል እያለሁ የጣለኝ ይኸው ነው፣ ጻፊ ስትባይ አትጽፊም እያለች ከባሕር ማዶ ትገሥጻለች። አባትየው ስልኩን ራቅ አድርጎ ያዘ።

"ቤትም እንዲሁ ናት" አለኝ። "አባቴ ሲሞቱ የተዉትን በጎች የቀበሌያችን ሸህ ሒሳቡን ሳይጨርሱ እሷ ጨረሰችው። ትክክል ነበረች፣ ወላሂ። እንዴት እንዳካፈለችው ስትጠየቅ ግን ታየኝ ነው የምትለው። ሌላ ሰው ግን አይታየውም። ወንድሞቼ እስከ ዛሬ እኔን ይጠረጥራሉ።"

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። በዚያች ደቂቃ የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ልጅቷ አባቷን አሻቅባ ታያለች።

"ይህን አሠራር የምትሉትን ነገር ዘጠነኛ ክፍል ያስተምሩታል?"

ከዘጠነኛ ጀምሮ ሌላ ምንም አያስተምሩም ብዬ መለስኩ። ማጋነኔን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለበጎ ነገር ማጋነን የሽማግሌ ድርሻ ነው።

አባትየው ወደ ሐይቁ አቅጣጫ አየ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ። "ደሴ ካለፈች ብዬ ነበር። አላለፈችም፤ ቃሌም ቃል ነው። ነገር ግን መጀመሪያም የሴት ልጅ ድርሻ ግማሽ ነው፤ ያችኑ ግማሽ ደግሞ እዚህ ጥላ ብትሄድ ምን ይቀራታል? ትምጣና ትፈልጋት። ቤት ፈልጉላት።"

ስልኩ ውስጥ ያለችው ኪራዩን ለእኔ ተዉት ብላ ስትጀምር አቋረጣት። "አንቺ ዝም በይ። አባትሽ ገና አልሞተም፣ በጎቹም አልተካፈሉም።"

ልጅቷ ወደ እኔ ጠጋ አለች። እጄን ስማ፣ ተመልሳ ከአባቷ ኋላ ቆመች፤ ወደ ባጃጁ ሲሄዱ ግን እሷ ከፊት ነበረች።

አሁን ከሁለት ልጆች ጋር ተከራይታ ትኖራለች፤ ክፍላቸው ከእኛ ቤት ብዙ አይርቅም። የአጥማጁ ልጅ ከደሴ ያለ ሽልማት ተመለሰ፣ ጥያቄዎቹን ግን በሙሉ በጭንቅላቱ ይዞ መጣና አንድ በአንድ ነገራት። ዘጠነኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። እሷ መልሱን ትነግረዋለች፣ እሱ ከየት መጣ ይላታል፣ እየተጨቃጨቁ በቤቴ በር ያልፋሉ። መምህሯ አሁን አሠራር ትጽፋለች አለኝ፤ እንዲያውም በዝቶባት ወረቀት አይበቃትም።

ዘንድሮ ውድድሩ ውጫሌ ላይ ነው፣ ዋና ዳኛው አሁንም እኔ ነኝ። ከስሕተቴ የተማርኩት ነገር ቢኖር ጥያቄ ስጽፍ ለባለቤቴ ውሃ መጣ እንዳትይ ማለት ነበር፤ እሷ ደግሞ ጥያቄህን ሌላ ሰው ይይልህ አለችኝ። የባለቤቴ ሐሳብ እንደ ወትሮው ይሻላል። ልጅቷ ስምንተኛን አልፋለች፣ ተወዳዳሪ አይደለችም፤ ሁለቱን ዳኞች አስፈቅጄ፣ ለማንም እንዳትነግር አስምዬ፣ ጥያቄዎቹን ሰጠኋት።

በማግስቱ መለሰችልኝ። ሁሉንም አልፋቸዋለች፣ ከአንዱ በስተቀር። ያ ጥያቄ አንድ ባጃጅ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው ቢጭን ብሎ የሚጀምር ነው። ከሥሩ በጥንቃቄ፣ መስመር ጠብቃ ጽፋበታለች። ጋሼ፣ ሦስት ሰው ብቻ ጭኖ የሚሄድ ባጃጅ ሐይቅም ውጫሌም የለም፤ ልጆቹ አምስት ብለው ቢያሰሉ ምን ሊሉ ነው?

መነጽሬን ፈለግሁ፤ ግንባሬ ላይ ነበር። ከዚያ "በሕጉ መሠረት" የሚል ጨመርኩበት።